ሕፃናትን ፍርድንና እኩልነትን ስለ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ረኀብን ያውቃል፤ ብርድን ያውቃል፤ ጥቂት ሲቈይም የእናቱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ይለያል። ከሰው ወገን የሚከበረው ማን፣ የሚናቀውም ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። የባለጸጋው ልጅና የሎሌው ልጅ፣ የካህኑ ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በአንድ ሜዳ ተገናኝተው በጭቃ ቤት ሲሠሩ ብናይ፣ አንዱ የሌላውን ትውልድ ሳይጠይቅ ጭቃውን ያቀብለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ሕፃን ያንኑ ባልንጀራውን ሲሸሸው፣ እርሱ በጠጣበትም ዋንጫ አልጠጣም ሲል ይታያል። እንግዲህ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት መካከል አንድ መምህር መጥቶ አስተምሮታል ማለት ነው። ያም መምህር ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ እኛው ወላጆቹ፣ ጎረቤቶቹና መምህራኑ ነን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ይህ ጽሑፍ ልጆችን ስለ ፍርድ፣ ስለ አድልዎና ስለ ሰው ልጆች እኩል መብት እንዴት ማስተማር እንደሚገባ የሚናገር ነው። አስቀድሞ አድልዎ ወደ ሕፃን ልብ የሚገባባቸውን በሮች እንመለከታለን፤ ቀጥሎ በሀገራችን በባለ እጆች ላይ የኖረውን ንቀት እንመረምራለን፤ ከዚያም ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረንን አይተን፣ በመጨረሻው ወላጆችና መምህራን ሊይዙት የሚገባውን መንገድ እናመለክታለን። ከአድልዎ ዐይነቶች መካከል የባለ እጆቹን መምረጣችን ስለ ሌላው ግድ የለንም ለማለት አይደለም፤ ይህ ንቀት በገዛ ቤታችን ያደገ ስለ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ንዋያት በየዕለቱ የሚመሰክሩበት ስለ ሆነ ነው።

አድልዎ ወደ ሕፃን ልብ የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር በገዛ ልጆች መካከል ማዳላት ነው። ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃም ያዕቆብን አብልጠው እንደ ወደዱ በኦሪት ተጽፏል (ዘፍ. 25፥28)። በዚያ ቤት ያደገው ያዕቆብም ራሱ አባት በሆነ ጊዜ ያንኑ አደረገ፤ ዮሴፍን ከወንድሞቹ ሁሉ አብልጦ ወደደው፤ ፍቅሩንም በልቡ አልሸሸገውም፤ ልዩ ልብስ አልብሶ በወንድሞቹ ፊት አቆመው (ዘፍ. 37፥3-4)። ከዚህ የተነሣ ወንድማማቾቹ በሰላም መነጋገር ተሳናቸው፤ ፍጻሜውም ወንድምን ወደ ጕድጓድ መጣልና ለነጋድያን መሸጥ ሆነ። ልብሱ ጨርቅ ነበር፤ ታላላቆቹ ልጆች ግን አባታቸው በእነርሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ በዚያ ጨርቅ ላይ ያነቡ ነበር። አድልዎን ከወላጁ የተማረ ልጅ ለልጁ ያወርሰዋል የምንለው ስለዚህ ነው።

በዘመናችንም ይህ ልብስ በብዙ ቤት ተሰቅሎ ይገኛል። ወንዱ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሴቲቱ እንስራ ተሸክማ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ማታም እርሱ መጽሐፉን ሲገልጥ እርስዋ ዕቃ ታጥባለች። ዓመቱ ሲፈጸም ግን እርሱ ዐለፈ፣ እርስዋ ወደቀች ተብሎ የሁለቱ አእምሮ ይመዘናል። እንዲህ ያለው ሚዛን ሳይመዝን አስቀድሞ የተሰበረ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው በር ማእድ ነው። በከተሞቻችን በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋም ከቤቱ ልጆች ዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ሠራተኛ ትገኛለች። የቤቱ ልጆች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲበሉ እርስዋ ቆማ ታሳልፋለች፤ እነርሱ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን በማድ ቤት ትበላለች፤ እነርሱ ሲማሩ እርስዋ ልብስ ታጥባለች። ወላጆች ስለ ፍርድ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ ሰው ሁለት ዐይነት ነው የሚለውን ትምህርት ከማእዳቸው ይማራሉ። ከዚህ በኋላ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ (ዘፍ. 1፥27) የሚለውን ቢሰሙ፣ የሚያምኑት ሰባት ቀን ያዩትን ነው ወይስ አንድ ቀን የሰሙትን?

ሦስተኛው በር ስድብና ሳቅ ነው። የሰውን ሥራ፣ የትውልድ ስፍራ፣ የቆዳ ቀለም፣ የአካል ጉዳት ወይም አባቱ አለመታወቁን ስድብ አድርጎ የሚናገር ሰው ሲገኝ፣ ሌላው ቢስቅለት አጠገብ የተቀመጠው ሕፃን ያን ሳቅ እንደ ማረጋገጫ ይቀበለዋል። አራተኛው በር ደግሞ ፍርሀት ነው። ልጅን ለማስተኛት ወይም ከቤት እንዳይርቅ ለማድረግ «ቡዳ ይበላሃል» ብሎ ማስፈራራት የቈየ ልማድ ነው። ሕፃኑም ቡዳ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጣት የሚቀሰረው በመንደሩ ዳር ወዳለው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ነው።

በባለ እጆች ላይ ስለ ኖረው ንቀት

ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሸምነውን ሰው ሕዝቡ በእጁ ሥራ እየኖረ በሥራው ስም ሲሰድበው ኖሯል። ከእነዚህ ወገኖች ጋር በአንድ ማእድ መቀመጥ፣ በጋብቻ መዛመድ፣ በአንዳንድ ስፍራም በአንድ መካነ መቃብር መቀበር ነውር ሆኖ ተቈጥሯል። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ወገኖች ብዙዎቹ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ እያረሰ፣ ሚስቱም ምጣዱን ከእጃቸው ገዝታ እየጋገረች፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ይወራባቸው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሀገር ሄደዋል፤ ስድቡ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ በእኛ ዘንድ ቀርቶ በሌሎች ላይ ይነገራል። በከፋም ማንጃ የሚባሉት ወገኖች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ልማድ ከልክሏቸው ኖሯል።

ይህን ክፉ ልማድ አስቀድመው የተመለከቱት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን ከለከሉ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተገኘ አንድ ዘር መሆኑን አሳስበው፣ ባለ እጁን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር፣ እንዲህ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንደሚታሰር አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ከ110 ዓመት በላይ ዐልፏል። እንደዚሁም የባርያ አገዛዝ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ፤ ነገር ግን ቃሉ እስከ ዛሬ ድረስ በስድብነት በልጆች አፍ ይገኛል። ከዚህ የምንረዳው ዐዋጅ እጅን ሊይዝ፣ ግፈኛንም ሊቀጣ እንደሚችል፣ ልብን የሚለውጠው ግን ከሕፃንነት ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ነው።

እስቲ አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ዙሪያውን እንመልከት። የምንሳለመው መስቀል፣ ዕጣን የሚታጠንበት ጽና፣ ማኅሌት የሚቆምበት ጸናጽል ብረትንና ናስን በእሳት ካለሰለሰ እጅ የወጡ ናቸው። ከበሮው በቆዳ የተለበጠ ነው። የለበስነው ነጠላ ከሸማኔ ጕድጓድ የመጣ ነው። ዳዊት የምንደግምበት ብራና የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮና ተፍቆ የተገኘ ነው። ስለ ብራናው ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ቆዳን ለመጽሐፍ የፋቀውን ደብተራ ሊቅ ብለን እናከብረዋለን፤ ቆዳን ለአጎዛና ለጠፍር የፋቀውን ግን በዚያው ሥራ ስም እንሰድበዋለን። ሥራው አንድ ከሆነ፣ ቆዳውም አንድ ከሆነ፣ ስድቡ የመጣው ከሥራው አይደለም ማለት ነው፤ ከእኛ ልብ ነው። ሕፃን ልጅ መስቀሉን ተሳልሞ ከወጣ በኋላ መስቀሉን የሠራውን ሰው ልጅ በቅጥሩ በር ላይ ቢሰድበው፣ የተሳለመው ምኑን ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

የቅዱስ መጽሐፍ ምስክርነት

ይህን ንቀት ሃይማኖታዊ መልክ ሊሰጡት የሚሞክሩ ሰዎች ስለሚገኙ፣ ቅዱስ መጽሐፍ የሚለውን ለልጆች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። እግዚአብሔር ደብተራ ኦሪትን ለማሠራት በወደደ ጊዜ የይሁዳን ወገን ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ለሙሴ ነገረው። ያ መንፈስ የተሰጠው ወርቅን፣ ብርንና ናስን እንዲሠራ፣ ዕንቍን እንዲቀርጽ፣ እንጨትንም እንዲጠርብ ነው፤ ከዳን ወገን የሆነውም ኤልያብ ረዳቱ ሆነ (ዘጸ. 31፥2-6)። እንግዲህ የእጅ ጥበብ ከመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ጋር ተቈጥሯል። መድኃኒታችንም ሥጋ በለበሰ ጊዜ በመንደሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀው በጸራቢነት ነበር፤ የናዝሬት ሰዎች ትምህርቱን ሰምተው ሳለ የተሰናከሉበት ይህን ሥራውንና ቤተ ሰቡን እያነሡ ነው (ማር. 6፥3)። ሐዋርያው ጳውሎስም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር (የሐዋ. 18፥3)። ባለ እጅን የሚንቅ ሰው የናዝሬትን ሰዎች ስሕተት የደገመ ነው።

ስለ ወገንና ስለ ዘር ደግሞ የሙሴ እኅት ማርያምን ታሪክ እናገኛለን። ማርያምና አሮን ሙሴ ኢትዮጵያዊት ስላገባ አሙት፤ እግዚአብሔርም ተቈጣ፤ ማርያም በለምጽ ተመታች፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት (ዘኍ. 12)። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር እኛ ኢትዮጵያውያን በአንዲት ኢትዮጵያዊት ምክንያት እንደ ተከበርን እናስባለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ ቢቆም ጎደሎ ይሆናል። በሌላው ሲነቀፍ ያየነው ንቀት በእኛ ዘንድ ሲገኝም የሚነቀፍ መሆኑን ልጆች ሊረዱት ይገባል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ማርያም እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ከሰፈረበት አልተንቀሳቀሰም። የአንዲት ሴት የንቀት ቃል የብዙ ሺህ ሕዝብ ጉዞ አዘገየ። ንቀትም በሚኖርበት ሀገር እንዲሁ ጉዞን ያዘገያል።

በሐዲስ ኪዳን ከሁሉ ይልቅ ለካህናት የሚነገረው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ነው። ከግሪክ ሀገር የመጡት ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለት ምግብ ጊዜ ቸል በመባላቸው አጕረመረሙ። ሐዋርያት ያንን ማጕረምረም አመፅ ነው ብለው አላፈኑትም፤ ሕዝቡን ሰብስበው እነ እስጢፋኖስን ሰባቱን ዲያቆናት አስመረጡ። ስለዚህ ዲቁና የተባለው ማዕርግ የተጀመረው የአድልዎ አቤቱታ ተሰምቶ፣ ማእድ በትክክል እንዲከፈል ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን መጾር መስቀል የሚይዝ ሕፃን ዲያቆን ሁሉ ይህን የማዕርጉን መነሻ ቢማር፣ ማዕርጉ ከሌላው ልጅ በላይ የሚቀመጥበት ሳይሆን የተረሳውን የሚፈልግበት መሆኑን ይረዳል። ሐዋርያው ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ባለጸጋ በመልካም ስፍራ አስቀምጠው፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ግን ወዲያ ቁም የሚሉትን በክፉ ዐሳብ የሚፈርዱ ዳኞች ይላቸዋል (ያዕ. 2፥1-4)።

እኩልነት ማለት ምን እንደ ሆነ

ልጆች ፍርድን ፈጥነው ይረዳሉ። «ለእርሱ ትልቅ፣ ለእኔ ትንሽ ተቈረሰ» ብሎ የማያለቅስ ሕፃን የለም። ወላጆች ይህን ልቅሶ ስስት ብለው ይገሥጹታል፤ ነገር ግን የፍርድ ፍቅር የሚበቅልበት የመጀመሪያው ቡቃያ እርሱ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ብለው የተናገሩት፣ ሰውን የሚያቈስለው የዕቃው ማነስ ሳይሆን የፍርዱ መጓደል እንደ ሆነ ዐውቀው ነው። እንግዲህ የመምህሩ ሥራ ይህን ቡቃያ መንቀል አይደለም፤ ሕፃኑ «ለእኔ አነሰኝ» ከማለት ተነሥቶ «ለባልንጀራዬ አነሰበት» ወደ ማለት እንዲደርስ ማሳደግ ነው። ፍርድን ለራሱ ብቻ የሚወድድ ሰው ገና ሕፃን ነው፤ ለሌላውም ሲወድዳት ሰው ሆነ ይባላል።

ደግሞም እኩልነት ለሁሉ አንድ ዐይነት ነገር መስጠት ብቻ እንዳልሆነ ማስረዳት ይገባል። እስራኤል በምድረ በዳ መና በለቀሙ ጊዜ ብዙ ለለቀመው አልተረፈውም፤ ጥቂት ለለቀመውም አልጐደለበትም፤ እያንዳንዱ የሚበቃውን አገኘ (ዘጸ. 16፥18)። የታመመው ልጅ ወተት ቢሰጠው፣ ዐይኑ የደከመው ተማሪ በፊተኛው ወንበር ቢቀመጥ፣ እግሩ የማይራመደው በጀርባ ታዝሎ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ ይህ አድልዎ አይደለም። አድልዎ የሚባለው ማንነቱን አይቶ የሚገባውን መከልከል ነው። ኦሪትም ዳኛ ለድኻው አዝኖም ሆነ ለባለጸጋው አፍሮ ፍርድ እንዳያዛባ አጥብቃ ታዝዛለች (ዘሌ. 19፥15)።

ከዚህ ጋር መብትና ምጽዋት የተለያዩ መሆናቸውን ልጆች ይወቁ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተው በሞተ ጊዜ ርስት እንዳይቀርባቸው በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛርና በአለቆች ፊት ቆመው ተናገሩ። ምጽዋት አልለመኑም፤ ድርሻቸውን ጠየቁ። እግዚአብሔርም ነገራቸው እውነት መሆኑን መስክሮላቸው ለእስራኤል ሁሉ ሕግ እንዲሆን አዘዘ (ዘኍ. 27፥1-8)። የዛሬው ሕጋችንም በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው፣ ሀገራችንም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በሁለተኛው አንቀጽ ማንኛውም ሕፃን በራሱም ሆነ በወላጆቹ ማንነት ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግበት ያዝዛል። ስለዚህ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በትምህርት ቤት ከሌሎቹ ጋር ስትቀመጥ ማንም ቸርነት አደረግሁላት ሊል አይችልም፤ የተቀመጠችው በገዛ ወንበርዋ ነው።

ስለ ማስተማሪያው መንገድ

1ኛ፤ ፍርድ ከራስ ይጀምር። አባትና እናት በልጆቻቸው መካከል ሥራን፣ ምግብንና የጥናት ጊዜን በትክክል ይክፈሉ። ውኃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ የሴት ልጅ ብቻ ዕዳ አይሁን። በቤት ያለችው ሠራተኛ በስምዋ ትጠራ፤ ከማእዱ ትብላ፤ ለትምህርትዋም ጊዜ ይሰጣት። ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ አንድ ነገር ልጆችን ያስተምራል።

2ኛ፤ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አይፍረዱ። ልጆች ተጣልተው ሲመጡ አስቀድሞ የጮኸው ወይም ይበልጥ የተወደደው እውነተኛ ተደርጎ አይቈጠር። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም እንዲል፣ ቀጥሎም እርሱ እንዲናገር ይደረግ፤ ፍርዱም ከነምክንያቱ ይነገራቸው። በዚህ ዐይነት ያደገ ልጅ አድጎ ዳኛ፣ ሹም ወይም ካህን ቢሆን የሰው ፊት አይቶ አይፈርድም።

3ኛ፤ ስድብን ከቤት ያውጡ። ልጅ ከመንደር የስድብ ቃል ተምሮ ቢመጣ ወዲያው መምታት አይጠቅምም፤ ዱላ ቃሉን ከወላጅ ፊት ያሸሸዋል እንጂ አያጠፋውም። ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የተሰደበው ልጅ ሌሊቱን ምን እያሰበ እንደሚያድር ይጠየቅ። ትልልቆችም በልጆች ፊት የሚናገሩትን ቀልድ ይመርምሩ።

4ኛ፤ ልጆችን ወደ ባለ እጁ የሥራ ስፍራ ይውሰዱ። ወናፉ ሲነፋ ከሰሉ ሲግም፣ ብረቱ ሲቀላ፣ በመዶሻ ሲመታ ማጭድ ሆኖ ሲወጣ ያየ ልጅ በቀጥቃጩ ቤት ያለው ምስጢር እሳትና ትዕግሥት መሆኑን ይረዳል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ስትመርጥ፣ ስታቦካ፣ ያለ መንኰራኵር በእጅዋ ብቻ የጀበናውን አንገት ስታወጣ ያየች ልጅ ያን እጅ ልትንቅ አይቻላትም። ፍርሀት የሚወለደው ካለማየት ነውና፣ ያዩት ሰው ጅብ ነው ቢባሉ አያምኑም።

5ኛ፤ የአብነት ትምህርት ቤትና የሰንበት ትምህርት ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሁኑ። በጥንቱ ሥርዐት የባለጸጋም ልጅ የድኻም ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። ይህ ልማድ ተማሪዎቹን በአንድ ማዕርግ የሚያስቀምጥ ታላቅ ትምህርት ነበር። መምህራን ይህን መንፈስ ይጠብቁ። ደግሞ ትምህርት የሚከብደውን ልጅ ከፈጣኑ ለይተው አይናቁት። ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት እንደ ከበደውና እንደ ተገረፈ፣ ከዛፍ ላይ ደጋግሞ እየወደቀ የወጣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ በገድሉ ይነገራል። መምህሩ ጌዴዎን ሲመለስ ባይቀበለው ኖሮ የዜማችን አባት ማን ይሆን ነበር? ለዲቁናም ሆነ ለመዝሙር አገልግሎት ልጆች ሲመረጡ የአባታቸው ሥራና ትውልድ ከቶ አይጠየቅ።

6ኛ፤ የተበደለውን ሕፃን አይተዉት። ብዙ ጊዜ የተሰደበውን ልጅ «ቻለው፤ ተወው» ብለን እናሰናብተዋለን። ትዕግሥት ለራስ የሚመረጥ በጎ ምግባር ነው፤ በሌላው ላይ ስንጭነው ግን የእኛን ስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። ልጁ በደሉን እንዲናገር ይደፋፈር፤ መምህሩም በሁሉ ፊት ይቁምለት። ከታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው ጌታችን የተናገረው ብርቱ ተግሣጽ (ማቴ. 18፥6) ለሚሰድበው ብቻ ሳይሆን እያየ ዝም ለሚለውም የሚያስፈራ ነው።

ለልጆች የሚሆን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፤ ሰው የሚከበረው በምንድን ነው?
መልስ፤ በእግዚአብሔር አርአያ በመፈጠሩ ነው። ይህ ክብር ለሁሉ እኩል ተሰጥቷል፤ በሥራ፣ በሀብት ወይም በወገን አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጥያቄ፤ አድልዎ ምንድን ነው?
መልስ፤ የሰውን ማንነት አይቶ የሚገባውን መከልከል፣ ወይም ለሌላው የማይገባውን መስጠት ነው።

ጥያቄ፤ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ በዐይኑ ሰውን ይጎዳልን?
መልስ፤ አይጎዳም። ይህ ከንቀት የተወለደ ወሬ ነው። ማረሻችንና ምጣዳችን ከእነርሱ እጅ የመጡ ናቸውና ልናመሰግናቸው ይገባናል።

ጥያቄ፤ ወንድና ሴት ልጅ በወላጆቻቸው ቤት እኩል ናቸውን?
መልስ፤ እኩል ናቸው። እግዚአብሔር ለሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች እንደ ፈረደላቸው ርስትም፣ ትምህርትም፣ ፍቅርም ለሁለቱ ይገባል።

ጥያቄ፤ የኔታ፣ ጓደኞቼ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ሸሽተዋታል። እኔ ከእርስዋ ጋር ብቀመጥ እኔንም ቢሸሹኝስ?
መልስ፤ ልጄ፣ ሊሸሹህ ይችላሉ፤ አይሸሹህም ብዬ አላታልልህም። አንተ ግን የምትሸሸው ለጥቂት ቀን ነው፤ እርስዋ የተሸሸችው ከተወለደች ጀምሮ ነው። ሄደህ ተቀመጥ። ሁለት ሆናችሁ ካዩአችሁ ሦስተኛው ይመጣል። የሚመጣ ባይኖርም እንኳ እርስዋ ብቻዋን አልቀረችም።

ምእመናን ሆይ፤ ሕፃናት ይህን ጥያቄ ሊጠይቁን ቀርበው ሲመጡ መልሳችን በአፋችን ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ልጁ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር ተቀምጦ ውሎ ወደ ቤት ሲገባ «ለምን ከእርስዋ ጋር ታየህ» ብሎ የሚቈጣው ወላጅ ከሆነ፣ የኔታ ዓመት ሙሉ ያስተማረው ትምህርት በአንድ ምሽት ይፈርሳል። ይልቁንስ በሚቀጥለው በዓል ቀን ያችን ልጅና እናትዋን ጠርተን ከማእዳችን አብረን ብንቈርስ፣ ልጆቻችን ከማንኛውም መጽሐፍ የማያገኙትን ምዕራፍ በዐይናቸው ያነቡታል። የሰውን ፊት አይቶ የማያዳላ አምላካችን ልጆቻችንን በእውነተኛ ፍርድ እንድናሳድግ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።